የታውኑስ ጌሾ

ባለፈው ማክሰኞ አንዲት አሮጊት ደንበኛችን የሻይ ማዘዣ ይዘው መጡ። የምሠራበት መድኃኒት ቤት ጀርመን አገር፣ ኡንተርሊደርባህ የሚባል ሰፈር ነው፤ ከጀርባ ያለው ክፍል ግድግዳውን ሙሉ የያዘ፣ ባለ ብዙ መሳቢያ አሮጌ የእንጨት ቁም ሣጥን አለው። አሁን አብዛኛው ባዶ ነው፤ የደረቀ ቅጠልና ልጥ የሚጠይቅ ሰው እየጠፋ ሄዷል። ከታች በኩል ያለውን መሳቢያ ሳብኩት። ሽታው ቀድሞኝ ወጣ። የረጠበ እንጨት ሽታ፣ ትንሽ ሻጋታ፣ ከሥሩ ደግሞ ምላስ ላይ ሳይደርስ የሚመር ነገር። እጄ መሳቢያው ውስጥ እንዳለ ቆሜ ቀረሁ።

የደረቀውን ልጥ ዘገን አድርጌ ወረቀት ላይ አፈሰስኩና ገና ሚዛን ላይ ሳላስቀምጠው በልቤ «አርባ ስምንት ግራም» አልኩ። ሚዛኑ አርባ ዘጠኝ አለ። አባቴ ቢኖር በአንዷ ግራም ይስቅብኝ ነበር።

አባቴ ፍሉግሃፈን፣ አውሮፕላን ማረፊያው፣ ሻንጣ ጫኝ ነበር። ከጋሪ ወደ አውሮፕላን ሆድ፣ ከአውሮፕላን ሆድ ወደ ጋሪ ሻንጣ ሲያገላብጥ ኖሮ እጁ ሚዛን ሆኖ ቀረ። ቤት ውስጥ የነካውን ሁሉ ይመዝናል። የድንች ከረጢት ሲያነሣ «ሁለት ኪሎ ከስምንት መቶ! ሦስት ብለው የሸጡልን ሌቦች ናቸው» ይላል። ከትምህርት ቤት ስመለስ ሩክዛኬን፣ የጀርባ ቦርሳዬን፣ ይቀበለኝና «ሰባት ኪሎ! ምን አስጭነው ነው የሚልኩሽ?» ይላል። እኔንም ብብቴ ሥር ይዞ ከመሬት ከፍ ያደርገኝና ኪሎዬን ይናገራል። እናቴ «ልጅ አይመዘንም፣ ዓይን ይገባታል» ብላ ትቆጣው ነበር። ከዚያ እሷን ሊመዝን ሲነሣ እየሳቀች ወጥ ቤት ትሸሻለች፤ እሱም ይከተላታል፤ ሪደርቫልድ ሰፈር ያለችው ያቺ ጠባብ ቤታችን በሳቅ ትሞላለች።

እናቴ ስትሞት የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። መጋቢት ነበር። ከቀብሯ ቀን ጀምሮ አባቴ ኪሎ መናገር ተወ። ድንቹን ያነሣል፣ ያስቀምጣል። ሩክዛኬን ይቀበለኛል፣ ምስማሩ ላይ ይሰቅለዋል። ሥራውን ይሄዳል፣ ሰዎች ያመጡልንን ወጥ ያሞቃል፣ «በላሽ?» ይለኛል፤ እሱ ግን እዚያ የለም። ከላይ ቤት የሚኖሩት እትዬ የከፈቱት ሬዲዮ እስኪሰማን ድረስ ዝም እንል ነበር። ልጅ ብሆንም ነገሩ ገብቶኛል፤ እናቴን አንዴ አጥቻታለሁ፣ አባቴን ደግሞ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እያጣሁት ነው። ያን ዓመት ከእግዚአብሔር የለመንኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር። አባቴ የአንድ ነገር፣ የምንም ነገር ይሁን፣ ኪሎ እንዲነግረኝ።

እናቴ የሚካኤል ማኅበርተኛ ነበረች። አሥራ ሁለት ነበሩ፤ በተማሪነት መጥተው በዚያው የቀሩ ሽማግሌዎችም አሉባቸው፣ እንደ እኛ ዘግይተው የደረሱም አሉባቸው። በየወሩ አንዱ ቤት ይሰበሰባሉ፤ ዳቦው ይቆረሳል፣ ጽዋው ይዞራል፣ ተራው ለሚቀጥለው ይሰጣል። የእናቴ ተራ ኅዳር ነበር። መስከረም ላይ የማኅበሩ ሙሴ፣ አለቃው ማለት ነው፣ ቤታችን መጡ። ጡረታ የወጡ መሐንዲስ ናቸው፤ ነገር ሲጀምሩ ከሩቅ ነው።

«ያንተ ሐዘን ገና እርጥብ ነው» አሉት። «ዘንድሮ ተራዋን እንለፋት። አዳራሽ ውስጥ እናድርገው። ማንም አይቀየምህም።»

አባቴ ቀና ብሎ አያቸው። «ተራዋ አይዘለልም» አለ። «ጠላውንም ራሴ እጠምቃለሁ።»

ሙሴን ሳል ያዛቸው። አባቴ ሻይ ሲያፈላ ውሃው ተንኖ በራዱ፣ ኧረ ድስቱም፣ የሚያርበት ሰው መሆኑን የማያውቅ አልነበረም።

«ይሁን፤ ጌሾውን ባቡር ጣቢያው አጠገብ ካለው ከሐበሻ ሱቅ . . .»

«ጌሾውን ከየት እንደማመጣ እሷ አሳይታኛለች።»

ኮሪደሩ ላይ ቆሜ እሰማ ነበር። የት እንዳሳየችው አውቅ ነበር፤ እኔም አብሬያቸው ነበርኩ።

ከመሞቷ በፊት በነበረው ሐምሌ፣ በሽታዋ ገና ስም ሳይወጣለት፣ ሐኪሟ ንጹሕ አየር ይሻልሻል ብሏት አንድ እሑድ ታውኑስ ወጣን። ከከተማው በስተሰሜን ጫካ ለብሶ የተጋደመው ተራራ ነው፤ በጠራ ቀን ከፎቃችን መስኮት ሰማያዊ ጀርባው ይታየናል። እናቴ ጅረት ዳር ካለ ቁጥቋጦ ፊት ድንገት ቆመች። ቅጠሉ ያብረቀርቃል፤ ፍሬው ግማሹ ቀይ፣ ግማሹ ጥቁር ነው። አንድ ቅጠል ቀንጥባ በመዳፏ አሸችው፣ አሸተተችው፣ ጫፉን በጥርሷ ነከስ አድርጋ ፊቷን አጨማደደችና «ጌሾ!» ብላ ጮኸች። መንገደኞቹ ጀርመኖች ዞረው አዩን።

«ጌሾ እዚህ ደጄ በቅሎልኝ ነው እኔ በሰው ሻንጣ የማስመጣው? ነይ እስቲ አሽትቺ!»

አሸተትኩት። ለእኔ ቅጠል ቅጠል ነው የሸተተኝ። እሷ ግን ልጅነቷ ተመልሶ መጣ። «ተራዬ ሲደርስ ለኅዳር ሚካኤል ከዚህ ነው የምጠምቀው፤ ቃሌ ነው» አለች። ያን ኅዳር ሆስፒታል ገባች፤ ተራዋን ለሌላ አዛወሩላት። የሚቀጥለውን ኅዳር አላየችውም።

መስቀል ባለፈ በመጀመሪያው ቅዳሜ አባቴና እኔ ወጣን። ሃውፕትቫኸ ጣቢያ ላይ ወርደን ተራራው ግርጌ ወዳለው ሆኸማርክ የሚሄደውን ባቡር ያዝን። ገበያተኛው በየጣቢያው እየወረደ፣ በምትኩ ባለ ከዘራ ሽማግሌ ጥንዶች እየገቡ፣ መጨረሻው ላይ ስንደርስ ፉርጎው በሙሉ የተራራ ሰው ሆኖ ነበር። አባቴ የለበሰው የፍሉግሃፈኑን የሚያበራ ቢጫ ጃኬት ነው፤ ከሁሉም የሚሞቀውና ኪስ ያለው እሱ ነው ብሎ። ጫካው ውስጥ ሰዎች የደን ሠራተኛ እየመሰላቸው መንገድ ይጠይቁት ጀመር። የሻንጣ ሥራ ያስተማረው ጀርመንኛ «ቀስ በል»፣ «ከባድ ነው»፣ «ቶሎ፣ ቶሎ» ከሚለው እምብዛም አያልፍም ነበርና፣ ለጠየቀው ሁሉ ጣቱን ወደ ላይ ይቀስርለታል። ተራራ ነዋ፤ ወደ ላይ ያለ ሰው አይሳሳትም። አመስግነውት ይሄዳሉ።

ሌሊት ዘንቦ ነበር። ጫካው እንጉዳይና የበሰበሰ ቅጠል ይሸት ነበር፤ ከተቆረጡ ግንዶች ደግሞ የጥድ ሙጫ ሽታ ይመጣል። ፀሐይዋ በቅጠሉ መካከል እየተንጠባጠበች የአባቴን ቢጫ ጃኬት አንዴ ታበራዋለች፣ አንዴ ታጠፋዋለች። ከላያችን አውሮፕላኖች ወደ ከተማው እየዞሩ ይወርዳሉ። ድሮ ቢሆን የመጡበትን አገርና የጫኑትን ይነግረኝ ነበር። ያን ቀን ቀና ብሎ አያቸውና መንገዱን ቀጠለ።

ጅረቱን ከእኔ ቀድሞ እሱ ሰማው። ቁጥቋጦው እዚያው ነበር፤ ቅጠሉ ጫፍ ጫፉን ቢጫ መሆን ጀምሯል፤ ፍሬው ሁሉ ጠቁሯል። አባቴ ኮፍያውን አወለቀ። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ እንደ ደረሰ ሰው ትንሽ ቆሞ፣ ከኪሱ የወጥ ቤት መቀስ አወጣ። የሩዝ ከረጢት ይዘን ነበር። እሱ ይቆርጣል፣ እኔ አጭቃለሁ። እየቆረጠ መናገር ጀመረ።

«እናትሽ ቅጠሉ ለጠላ፣ እንጨቱ ለጠጅ ነው ትል ነበር። ቀጫጭኑን እንጨትም እንውሰድ። ቅጠሉን አትጭመቂው፣ ይታፈናል። እንዲህ ላላ አድርገሽ።»

በስድስት ወር ያልሰማሁትን ያህል ቃል በአንድ ትንፋሽ ተናገረ።

በዚህ መሐል አንዲት ጀርመናዊት ሴትዮ መጣች። ስልሳ ዓመት ያልፋታል፤ ክንዷ ላይ እንጉዳይ የሞላ ቅርጫት አንጠልጥላለች። አባቴ ቁጥቋጦው ውስጥ ገብቷል። እኔን በጀርመንኛ «ለምን ትለቅሙታላችሁ፣ ልጄ?» አለችኝ። ለመጠጥ ነው አልኳት። ቅርጫቷን መሬት አስቀመጠች።

«አይሆንም፣ አይሆንም! ይሄ ፋውልባውም ነው። ሆድ ያስኬዳል። ድሮ አያቶቻችን ልጡን ለድርቀት ይጠጡት ነበር። እርጥቡ ደግሞ ያስመልሳል። ለአባትሽ አሁኑኑ ንገሪው።»

ጣቷን አፍንጫዬ ሥር እያወዛወዘች ነበር የምትናገረው። አንድም ቃል አላመለጠኝም።

አባቴ ከቁጥቋጦው ወጣ። ፀጉሩ ላይ ቅጠል ተሰክቶበታል። ሴትዮዋን ራሱን ዝቅ አድርጎ ሰላም አላት፤ ከዚያ ከረጢቱን በአንድ እጁ ከመሬት ከፍ አደረገ፤ ዓይኑን ጨፈን አደረገ።

«አራት ኪሎ ከሦስት መቶ» አለ።

አየኝ። ፈገግ አለ። ከመጋቢት ወዲህ የመጀመሪያው ነበር።

«ምን አለች ሴትዮዋ?»

ይህን ስነግራችሁ ሠላሳዎቹ መጨረሻ ላይ ያለሁ ሴት ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ ለሰው የመድኃኒት ጉዳት አስረዳለሁ፤ «ከምግብ በፊት፣ ከሁለት በላይ እንዳይሆን» እላለሁ። ያኔ ግን እውነቱን ብናገር ሚስትህ ተሳስታለች ማለቴ ነበር። በሕይወት ያለ ሰው ቢሳሳት ይስቃል፣ ይታረማል። የሞተ ሰው ስሕተት እንዲያው ተገትሮ ይቀራል።

«ጥሩ ቅጠል ነው አለች» አልኩት።

አባቴ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «ዳንከ ሸን!» ብሎ አመሰገናት። ሴትዮዋ የነገርኩት መስሏት ራሷን ነቀነቀች፤ ቅርጫቷን አንሥታ ሄደች። ቁልቁል ስንወርድ አባቴ ያገኘውን ሁሉ መዘነ። ድንጋይ፣ የወደቀ ቅርንጫፍ፣ የእኔን አንድ ጫማ።

ሰኞ ዕለት የባዮሎጂ መምህሬን ከክፍል ስትወጣ ጠብቄ «ፋውልባውም ይገድላል?» አልኳት። ሳቀች። አይገድልም፣ መጸዳጃ ቤት ያመላልሳል እንጂ፤ ሲደርቅ ደግሞ ይለዝባል አለችኝ። እንግዲያው አይገድልም ካለች የእናቴ ቃል ይሙላ ብዬ ወሰንኩ። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ፍርድ እንዲህ ነው።

ቅጠሉ ሃይሱንጉ፣ የቤት ማሞቂያው፣ ላይ ጋዜጣ ተነጥፎለት ደረቀ። ቤቱ ሁሉ አሁን ከመሳቢያው የወጣውን ሽታ ይሸት ነበር። አባቴ ከሺሽት፣ ከፈረቃ ሥራው፣ ሲመለስ ጃኬቱን ሳያወልቅ ይወቅጣል። ብቅሉን እንዴት እንደሚያበቅል፣ ቂጣውን እንዴት እንደሚጋግር እትዬ ከላይ እየወረዱ ያሳዩታል። አንድ ቀን ጥንስሱ ላይ አፍንጫቸውን ደፍተው ግንባራቸውን ቋጠር አደረጉ።

«ሽታው እንግዳ ነው፤ ትንሽ ከእኔ ጌሾ ላምጣልህ?»

«የለም እትዬ። የእሷ ነው፤ ምንም አይቀላቀልበት።»

ድፍድፉ ክዳን ባለው ትልቅ ባልዲ ተደርጎ ሳሎን ጥግ ተቀመጠ። አባቴ ክዳኑ ላይ በወፍራም እስክሪብቶ «የእሷ ተራ» ብሎ ጻፈበት። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ እሱ ሥራ ሳለ፣ እግሬን ጠልፎኝ ነው ብዬ ልደፋው ቆርጬ ተነሣሁ። ባልዲውን አቅፌ አዘነበልኩት። ውስጡ ቀስ ብሎ ቦጭረቅ አለ። ጽሑፉ ፊቴ ላይ መጣ። መልሼ አቆምኩት፤ ተቀምጬ አለቀስኩ።

የኅዳር ሚካኤል ድግስ ቅዳሜ ቀን ተደረገ። ወንበር ከእትዬ ቤት ወርዶ፣ ካፖርት አልጋ ላይ ተከምሮ፣ ሳሎናችን ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። ጸሎቱ ደረሰ፣ ዳቦው ተቆረሰ። አባቴ ጥቁር ሱፉን ለብሶ ነበር። ማንቆርቆሪያውን ይዞ ወደ ሙሴ ቀረበ፤ እንደ ወጉ መጀመሪያ መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ቀመሰ፤ ከዚያ ቀዳላቸው። እኔ የዳቦ ሰሃን ይዤ በር ላይ ቆሜያለሁ። ሙሴ ጠጡ። ከንፈራቸውን ጠረጉ።

«የእሷ እጅ አለበት» አሉ።

«አለበት፣ አለበት» አለ ቤቱ ሁሉ። አባቴ ወደ መስኮቱ ዞረ፤ ትከሻው ተንቀጠቀጠ። ያን ያዩ እንግዶች አንጀታቸው አልቻለም መሰለኝ፣ «ድገመን» አሉት። ደገማቸው። እትዬማ ሦስት ብርጭቆ ጨለጡ። እኔ ሰሃኔን ይዤ የሚያርፈውን ብርጭቆ ሁሉ እቆጥር ነበር፤ ሃያ ስድስት ደረሰ። ሁሉም ከሄዱ በኋላ አባቴ የቀረውን በትልቅ ብርጭቆ ቀድቶ በእናቴ ፎቶ ፊት ቆሞ ጠጣው። አባዬ አትጠጣ ልለው አፌን ከፈትኩ። እሱ ግን ባዶውን ባልዲ አንሥቶ «አንድ ኪሎ ከሁለት መቶ! አንጠፍጥፈውታል!» ብሎ ሳቀ። አፌን ዘጋሁ።

በማግሥቱ ቤተ ክርስቲያን ብቻዬን ሄድኩ። አባቴ ጠዋት መታጠቢያ ቤት ገብቶ፣ ቧንቧውን ከፍቶ፣ አልወጣም። ድምፁ እንዳይሰማኝ ብሎ የሚያለቅስ መሰለኝ፤ በሩን ሳላንኳኳ ወጣሁ። እትዬም አልወረዱም። ቅዳሴው ላይ ከማኅበርተኞቹ ግማሾቹ የሉም። የመጡትም፣ ሁልጊዜ ፊት የሚቆሙት ሰዎች፣ ያን ቀን በር አጠገብ ተደርድረዋል። ሙሴ መቋሚያቸውን ብብታቸው ሥር ወትፈው፣ በዚያ ዕድሜያቸው፣ ሁለት ጊዜ በጓሮ በር ሲከንፉ አየኋቸው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሆኖም ማንም አልሞተም፤ ማንም ምንም አልተናገረም። ሲወጡ ሙሴ ፊታቸው አመድ መስሎ ጭንቅላቴን ደባበሱኝና «ለአባትሽ ድግሱ አምሮ ነበር በይልኝ» አሉኝ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ የሚያስቅ ትዝታ ነበር። አላበቃም።

ከዚያ ማክሰኞ ጀምሮ አባቴ ማታ ማታ መውጣት አመጣ። ከሥራ ሲገባ ይታጠባል፣ ጥቁር ሱፉን ይለብሳል፣ ሽቶ ይነካል። «የት ነው?» ስለው «ቴርሚን አለኝ» ይላል፤ የቢሮ ቀጠሮ ማለቱ ነው። ከአሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ የሚከፈት ምን ዓይነት ቢሮ አለ? ሁለት ሳምንት እንዲህ ሆነ። አንድ ቀን ኮሪደሩ ላይ በወረቀት የተጠቀለለ አበባ አየሁ። ነጭ ጽጌረዳ ነው። ከደቂቃዎች በኋላ አበባውም አባቴም የሉም። ያኔ ነገሩ ፍንትው ብሎ ታየኝ። ሴት ይዟል። እናቴ ዓመት እንኳ ሳይሞላት፣ እኔ ለእሱ ስል ሰው ሁሉ ሲታመም ዝም ያልኩለት አባቴ ሴት ይዟል!

አልጠየቅሁትም። ብጠይቀው የሚያልቅ ነገር ነበር። ነገር ግን በአማርኛ ማነጋገር ተውኩት። «በላሽ?» ሲለኝ በጀርመንኛ፣ እሱ በማይከተለው ፍጥነት፣ እመልስለታለሁ። ሩክዛኬን ሊቀበለኝ እጁን ሲዘረጋ አልፌው እገባለሁ። ያን የለመንኩትን ኪሎ መልሼ ከአፉ ነጠቅሁት።

ጥር ላይ ታውኑስ ነጭ ሆነ። አንድ ዓርብ አባቴ ከሥራ ጓደኛው የእንጨት ሽሊተን፣ የበረዶ መንሸራተቻ፣ ተውሶ፣ ትከሻው ላይ አድርጎ፣ አራት ፎቅ ወጣ። ጆሮው በብርድ ቀልቷል።

«ነገ ተራራው ላይ እንውጣና በበረዶው ተንሸራተቺ። አምስት ኪሎ ብቻ ናት፤ እኔ እሸከማታለሁ።»

«ኢሽ ሃበ ካይነ ሉስት» አልኩት፤ ደስ አላለኝም ማለቴ ነው። ይህቺን እንኳ በጀርመንኛ። ገባችው። አምስት ኪሎዋን እንደ ተሸከመ «እሺ» አለ፤ በረንዳው ላይ አቆማት። በረዶ ወረደባት፣ ዝናብ ወረደባት፣ ብረቷ ዛገ። ፀደይ ሲመጣ ብረቷን በአሸዋ ወረቀት አሽቶ ለባለቤቷ መለሰ።

ጊዜ ሁሉን ያለዝባል፤ እኔም አደግሁ፣ አማርኛዬም ቀስ በቀስ ወደ እሱ ተመለሰ። ቤታችን የገባች ሴት አልነበረችም። ትታው ሄዳለች ብዬ ደመደምኩ፤ ሲያረጅ ደግሞ አሳዘነኝ። ግን ያን ተራራ አባቴና እኔ ዳግመኛ አብረን አልረገጥነውም። ከሁለት ዓመት በፊት፣ ጡረታውን እንኳ በቅጡ ሳያጣጥም፣ ከእናቴ አጠገብ ቀበርነው። እኔም ዘንድሮ በማኅበሩ የእናቴን ቦታ ወረስኩ።

ዘንድሮ መስከረም የተሰበሰብነው እትዬ ቤት ነበር። ሰማንያን አልፈዋል፤ ሙሴም ብዙዎቹም አርፈዋል፤ ከድሮዎቹ የቀሩት አራት ናቸው። የኅዳሩ ተራ የኔ ነው ስል እትዬ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ጌሾውን ግን ከሱቅ ግዢ።»

አራቱም ሽማግሌዎች በሳቅ ፈረሱ። ብርጭቆዬን አስቀመጥኩ።

«ታውቁ ነበር?» አልኳቸው።

«እንዴት አናውቅ! ሦስት ቀን ነው የተንበረከክነው። ሆድ ይፍጀው ተባባልን፤ ፈጀውም እኮ!» ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። ሳቁ ሲበርድ እጄን ያዙኝ። «አባትሽ ነው ያስማለን። ያን ሰሞን ሱፉን ለብሶ በየቤታችን ዞረ። ይቅርታ ሊጠይቅ። ለኔ አበባ ይዞ መጣ።»

«ነጭ ጽጌረዳ» አልኩ።

«ነጭ ጽጌረዳ። አንዲት ደረጃ ነው የወጣ፤ ግን እንደ እንግዳ ደወሉን ደውሎ፣ በር ላይ ጎንበስ ብሎ። ‹ያን ቀን አንዲት ፈረንጅ ጣቷን ስታወዛውዝ አይቻለሁ› አለኝ። ‹ቅጠል መቁረጥ ክልክል ነው ያለች መስሎኝ ነበር። ልጄ ግን ነገሩን ሰምታ ውጣዋለች። እናቷ እንዳትሳሳትባት ብላ ነው። እንዳወቅሁባት ካወቀች፣ ሰው ሁሉ የታመመው በኔ ነው ብላ ትኖራለች። ስለ ሚካኤል፣ ጠላው ጥሩ ነበር በሏት።›»

የኖርኩበት ሃያ አራት ዓመት በአንድ ደቂቃ ተገለበጠ። ሳስበው፣ እናቴን ከስሕተት ላድን ዋሸሁ፤ እሱ ደግሞ እኔን ከበደል ሊያድን በየሰዉ ደጅ ጎንበስ አለ። እኔም ለዚህ ከፈልኩት፤ አንድ ሙሉ የበረዶ ወቅት በጀርመንኛ። ዓይኔ ላይ የመጣው ጠላው አልነበረም፤ በረንዳው ላይ የዛገችው አምስት ኪሎ ሽሊተን ናት። ተነሥቼ እትዬ መታጠቢያ ቤት ገባሁ፤ ቧንቧውን ከፈትኩ።

ትናንትና ቅዳሜ ልጄን ይዤ ወጣሁ። አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። የጥዱን ጫካ ድርቅና ትል በልቶት በየዳገቱ ራቁቱን ቆሟል፤ መንገዱ ጠፍቶኝ ሁለቴ ተመለስን። ጅረቱ ግን እዚያው ነው። ዳሩ ላይ አንድ ቁጥቋጦ አገኘሁ፤ ያው ራሱ ይሁን ልጁ ይሁን አላውቅም። ቅጠሉ ያብረቀርቃል፣ ፍሬው ጠቁሯል። ልጄ ምንድን ነው ብላ በጀርመንኛ ጠየቀችኝ።

«ጌሾ ነው» አልኳት። «አያትሽ ናት ያገኘችው።»

ስልኳን አወጣች፤ ፎቶ ሲያነሡበት የዛፍ ስም የሚናገር ነገር አላት። ቅጠሉ ላይ ደቅና ማንበብ ጀመረች። እኔ ወደ ጅረቱ ዞሬ ፊቴን በእጅጌዬ ጠረግሁ፤ አባቴ ኮፍያውን አውልቆ የቆመበት ቦታ ነበር። ስመለስ ልጄ ስልኳን ትታ እኔን ታያለች።

«ምን ይላል?» አልኳት።

ስልኳን ኪሷ ከተተች።

«ጥሩ ቅጠል ነው ይላል» አለች፤ በአማርኛ።

ሩክዛኳን ተቀበልኳት፤ በአንድ እጄ ከፍ አደረግሁት።

«ሁለት ኪሎ ከአራት መቶ» አልኩ፤ ድምፄን ከፍ አድርጌ።